የስምንተኛ ክፍል ካርድ ከማዳም ዱላ ያስጥላል?

"ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" እያለ ያሳደገን ማኅበረሰብ ዛሬ ቋንቋውን ቀይሯል። ባለሥልጣኑም፣ ለጋሽ ድርጅቱም፣ የቀበሌው ካድሬም ሳይቀር "ሴት ከተማረች አገር ዳነች" ይላል። እሰየው! ጤነኛ ሰው ይህን አይቃወምም። እኔም አልቃወምም። ግን እስቲ አንድ ነገር እንጠያየቅ። ዐረብ አገር ሄዳ እጇ ተሰብሮ፣ ወይ አእምሮዋ ተነክቶ፣ ወይ በሬሳ ሣጥን ተጭና ቦሌ ስለምትደርስ እህታችን ወሬ በተነሣ ቁጥር፣ ከባለሥልጣኖቻችን አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል ምንድን ነው? "የግንዛቤ ማነስ።" ሁለተኛውስ? "የትምህርት ደረጃቸው ዝቅተኛ በመሆኑ።" በቃ! ማዳሟ አልመታቻትም፤ ደላላው አልሸጣትም፤ ኤምባሲው በር አልዘጋባትም። የመታት የገዛ መሃይምነቷ ነው ማለት ነው።

ይህች አባባል ከየት መጣች ብትሉ፣ "ከጥናት ነው" የሚሉ አሉ። እንግዲያው ጥናቱ ራሱ ምን እንደሚል፣ መንግሥት ደግሞ ከጥናቱ ምኑን ወስዶ ምኑን እንደተወ ዛሬ እንነጋገር። የእኔ አቋም በአጭሩ ይህ ነው፦ ትምህርት ለልጃገረዷ የሚገባት መብቷ ነው፤ የስደት ፖሊሲያችን ግን መብቷን ወስዶ ኬላ አደረገባት። ኬላውን ማለፍ ያቃታት ደግሞ ቤቷ አልተቀመጠችም። በጫካ በኩል ሄደች።

ጥናቱ በግ ሰጠ፣ አዋጁ ካርድ ጠየቀ

በመጀመሪያ እውነቱን እንመስክር። ትምህርት የሴትን ልጅ ሕይወት እንደሚለውጥ በዚችው በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው 100 ሴቶች ውስጥ 75 ያህሉ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ ወደ 48 ወርዷል። ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን በዚያው በ2008ቱ ጥናት ያልተማሩት ወንዶች ከ100 ውስጥ 28 ብቻ ነበሩ። ግማሹ የአገሪቱ ሴት ፊደል ሳይቆጥር ቀርቶ እያለ ነው እንግዲህ "ተምራችሁ ሂዱ" የተባለው።

ሌላም ምሳሌ አለ። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሞሰቦ በሚባል የገጠር ቀበሌ "ብርሃነ ሔዋን" የሚባል ሙከራ ተደርጎ ነበር። አካባቢው ሴት ልጅ በጨቅላነቷ የምትዳርበት ነው። የሙከራው ባለቤቶች ምን አደረጉ? ለልጃገረዶቹ ደብተርና እስክሪብቶ አቀረቡ፤ የሚመክሯቸው ትልልቅ ሴቶች መደቡ፤ ከወላጆችና ከሽማግሌዎች ጋር ውይይት ከፈቱ፤ ልጅቷ ሳትዳር ሁለት ዓመት ትምህርቷን ከተከታተለች ደግሞ ለቤተሰቧ አንድ በግ ይሰጣል አሉ። በግ! ውጤቱ ሲለካ፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች ሙከራው ካልደረሰበት አካባቢ እኩዮቻቸው ይልቅ በትምህርት ገበታ ላይ የመገኘት ዕድላቸው በሦስት እጥፍ በለጠ። የመዳር ዕድላቸው ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት ላይ ግን ያው ውጤት አልታየም፤ የጋብቻው ግፊት አሸነፋቸው። ጥናቱ ይህንንም ሳይደብቅ ጽፎታል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ልጅቷን ትምህርት ቤት ያቆያት ስብከት አይደለም። ወላጅ የሚያጣውን ነገር ያካካሰለት በግ፣ የጎደለውን የሞላ ደብተር፣ ከጎኗ የቆመች ሴት ናቸው። ወጪውን የቻለው "ተማሪ" ያላት ወገን ነው። የእኛ አዋጅ ግን ነገሩን ገለበጠው። ጥናቱ ለልጅቷ በግ ሰጠ፤ አዋጁ ከልጅቷ ካርድ ጠየቀ።

አዋጁ እንዴት መጣ?

ለማስታወስ ያህል፣ በየካቲት 2004 ዓ.ም. ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ አንዲት እህታችን እየጮኸች ተጎትታ መኪና ውስጥ ስትወረወር የተቀረጸው ምስል ዓለምን አዳርሷል። ብዙም ሳትቆይ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። በማግሥቱ ሁሉም አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ሕዝቡ ከአንጀቱ አልቅሷል። መንግሥትስ? መንግሥት ሰው ማስወጣቱን ቀጠለ። በዚያው ሰሞን በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ለቤት ሠራተኝነት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚሄዱት ሴቶች ቁጥር በዓመት ወደ 200 ሺህ ተጠግቶ ነበር።

ከዚያ ጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጣ። ሳዑዲ ዐረቢያ ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ልታባርር ስትዘጋጅ መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን ሙሉ በሙሉ አገደ። በተከታዮቹ ጥቂት ወራት ከሳዑዲ የተመለሱት ወገኖቻችን ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ። ቦሌ ላይ ባዶ እግራቸውን፣ በነጠላ ጫማ፣ በላስቲክ ከረጢት የወረዱትን ያየ አይረሳውም።

እገዳው ጊዜያዊ ነው ተባለ። ጊዜያዊው ከአራት ዓመት በላይ ቆየ። በመሃል፣ በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ። በአዋጁ መሠረት ወደ ውጭ አገር ለሥራ የምትሄድ ሴት 18 ዓመት የሞላት፣ ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀች፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የያዘች መሆን አለባት። የምትሄደውም የሁለትዮሽ ስምምነት ወደተፈረመበት አገር ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ሲነበብ ያማረ ነው፤ አርቃቂዎቹም ክፉ አስበው ነው አልልም። ግን አዋጁን ያረቀቀው ሰው ወሎ ወርዶ፣ ባቲን ወይም ሐርቡን አይቶ ቢሆን ኖሮ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር፤ "ስምንተኛ ክፍል የደረሰችው ልጅ የትኛዋ ናት? ያልደረሰችውስ ምን ትሆናለች?"

መልሱ ግልጽ ነው። ስምንተኛ ክፍል ያልደረሰችው ልጅ ያው በጣም የደኸየው ቤት ልጅ ናት። ውኃ ቀድታ፣ ከብት ጠብቃ፣ ታናናሾቿን አዝላ፣ አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች። ስደትን የምታስበው የተሻለ ነገር ፍለጋ ሳይሆን ሌላ ነገር ስላጣች ነው። ሕጋዊው በር ለሷ ተዘጋ። ሕገ ወጡ በር ግን ካርድ አይጠይቅም። ዕድሜም አይጠይቅም። በቀበሌ መታወቂያ የ15 ዓመቷን ልጅ 24 የሚያደርግ ደላላ የስምንተኛ ክፍል ካርድ የሚቸግረው ይመስላችኋል?

አልሸሹም ዞር አሉ

ከልካይ ሕግ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም ነበር። ኔፓልም ሴቶቿን ወደ ባሕረ ሰላጤው እንዳይሄዱ በተለያየ ጊዜ በዕድሜና በሌላም ምክንያት አግዳለች። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት ያገኘው ምን ነበር? ሴቶቹ መሄዳቸውን አላቆሙም። በሕንድ በኩል ዞረው ሄዱ። መንግሥታቸው በመዝገብ ስለማያውቃቸው ደግሞ ሲደበደቡ የሚጮኹለት ኤምባሲ አልነበራቸውም። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው።

የእኛዎቹም ዞሩ። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ጀልባ ተሳፍረው ወደ የመን። ጦርነት ላይ ወዳለችው የመን! እገዳው ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት የሄዱት ሁሉ ማዳም ቤት ሲገቡ ኮንትራት የላቸውም፤ ኤጀንሲ የላቸውም፤ ኤምባሲው ስማቸውን አያውቅም። ከ2009 ዓ.ም. መገባደጃ እስከ 2013 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሳዑዲ እንደገና ከ300 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። ልብ በሉ! እገዳው በ2006 የተመለሱትን ሰዎች ቁጥር እንኳ አልቀነሰም። በእጥፍ አሳደገው።

ይባስ ብሎ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ሪፖርት፣ ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ለመሻገር የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በጥይትና በከባድ መሣሪያ መግደላቸውን ገልጿል። ከእነዚያ ውስጥ ሴቶችና ሕፃናት ልጃገረዶች ነበሩባቸው። እስቲ ንገሩኝ፣ ድንበር ጠባቂው ከመተኮሱ በፊት "ስንተኛ ክፍል ነሽ?" ብሎ ጠይቋል?

"ተማሩ" ለሚሉን

አሁን ወደ ትምህርቱ ልመለስ። "ተማሩ፣ ስደት ይቅርባችሁ" የሚለው ምክር ጥሩ ነው፤ ምክሩን የሚያስከብር ትምህርት ቤት ካለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. ትንሽ ተሻሽሎ 5.4 በመቶ ሆነ። የትምህርት ሚኒስቴር ኩረጃን ማስቆሙ ትክክል ነው እንበል። ግን እነዚህ ልጆች 12 ዓመት ሙሉ የት ነበሩ? ማን አስተማራቸው?

ይህን ቁጥር የገጠር እናት በመቶኛ አታነበውም። በዓይኗ ነው የምታየው። የጎረቤቷ ልጅ አሥራ ሁለት ተምራ ቤት ቁጭ ብላለች። የማዶዋ ጎረቤት ልጅ ስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ሄዳ፣ ለእናቷ የቆርቆሮ ቤት ሠርታለች፤ ለወንድሟ ባጃጅ ገዝታለች። እናትየዋ የትኛዋን ዐይታ ልጇን ትምከር? "ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ" እያለች ሌላ ስድስት ዓመት ትጠብቅ? በዚህ ላይ አባትየው ዓመት ሳይሞላ ሊድራት ያስባል። የቤተሰብ ሕጉ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ከልክሏል፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ግን የኢትዮጵያ ሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ 17.1 ዓመት ሆኖ ተገኝቷል፤ በአማራ ክልል ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ለአንዳንዷ ልጅ ዐረብ አገር ከማታውቀው ባል ማምለጫ ነው። ይህንን ያላየ የስደት ፖሊሲ ግማሽ ዓይናማ ነው።

ሌላም የሚያስደነግጥ ነገር አለ። በ2006 ዓ.ም. መቀመጫው ለንደን የሆነው የባሕር ማዶ ልማት ኢንስቲትዩት ከኢትዮጵያውያን አጥኚዎች ጋር ሆኖ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ስለሚሄዱ ልጃገረዶች ጥናት አድርጎ ነበር። በዚያ ጥናት ውስጥ፣ አንዳንድ ቤተሰቦች ልጃቸው ከመሄዷ በፊት ድረው እንደሚያፋቷት ተጽፏል። ለምን? እዚያ ሄዳ ተደፍራ ክብሯን ከምታጣ፣ እዚሁ በወግ ማዕረግ ብታጣው ይሻላል ብለው! ወላጆች የሚመጣውን አደጋ አያውቁም የሚል ሰው ካለ ይህንን ያንብብ። ያውቃሉ። አውቀው ነው የሚልኳት። የጎደለው ግንዛቤ ሳይሆን አማራጭ ነው። "የግንዛቤ ማስጨበጫ" እየተባለ በየሆቴሉ የሚበተነው አበል ስንት ትምህርት ቤት በሠራ ነበር!

ማብቃት ማለት ምን ማለት ነው?

"ሴቶችን ማብቃት" የምትባለዋ ቃል በየሪፖርቱ ላይ አለች። ማን ለምን በቃ? አንዲት ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ በቀን 16 ሰዓት ሠርታ የላከችውን ብር አባቷ በሬ ገዝቶበት፣ ወንድሟ ሱቅ ከፍቶበት፣ ስትመለስ የምትተኛበት መደብ እንኳ ካጣች፣ የበቃው ማን ነው? ያነጋገርኳቸው ተመላሾች ብዙዎቹ ያው ታሪክ አላቸው። በስማቸው የተከፈተ የባንክ ደብተር ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ከነርሱ መካከል አሥረኛ ክፍል የጨረሱም፣ ዲፕሎማ ያላቸውም አሉ። ማዳም ቤት ውስጥ ዲፕሎማዋ ምን ጠቀማት? ፓስፖርቷን የወሰደችባት ያችው ማዳም ናት። በሩን የቆለፈችባት ያችው ናት። ደመወዝ ስትከለክላትም ካርዷን አላየችላትም።

እዚህ ላይ የነገሩን ሥር እንየው። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሊባኖስ የውጭ ሠራተኛ የሚተዳደረው "ከፋላ" በሚባለው ሥርዓት ነው። ባጭሩ፣ የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ይታሰራል። ከቤት ከወጣች "የጠፋች" ትባላለች፤ ሕገ ወጥ ትሆናለች፤ ፖሊስ ይዞ ያስራታል። የደበደበቻት ሴት ከሳሽ፣ የተደበደበችው ተከሳሽ ትሆናለች ማለት ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ይህንን ሕግ አሻሻልኩ ስትል የቤት ሠራተኞችን ከማሻሻያው ውጭ አደረገቻቸው። ሊባኖስ ኢኮኖሚዋ በወደቀ ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያንን ከነሻንጣቸው ያለ ደመወዝ አምጥተው ቆንስላችን ደጃፍ ላይ ጣሏቸው። ሴቶቹ መንገድ ላይ አደሩ። የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ ኢትዮጵያውያን ሴት ስደተኞች ፓስፖርት መነጠቅ፣ ደመወዝ መከልከልና ቤት ውስጥ መቆለፍ ጥናት ያሳተመው ከ20 ዓመት በፊት ነው። ማንም አላወቅሁም ማለት አይችልም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይሏል እንዲህ ነው!

ፊሊፒኖችስ እንዴት አደረጉት?

"ታዲያ ምን ይደረግ? አገሩ ነው፣ ሕጉ የነሱ ነው" የሚል ይኖራል። እስቲ ፊሊፒንስን እንይ። እነርሱም ሴቶቻቸውን ለቤት ሥራ ይልካሉ። እነርሱም የሥልጠና ምስክር ወረቀት ይጠይቃሉ። ግን ጥያቄውን ለሴቷ ብቻ አላቀረቡም። በ1999 ዓ.ም. ባወጡት መመሪያ የቤት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 400 ዶላር ይሁን አሉ፤ ኤጀንሲው ከሠራተኛዋ የምልመላ ክፍያ እንዳይቀበል ከለከሉ። በየአገሩ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ከፍተው የኮንትራት ወረቀት የሚያጣራ ሰው አስቀመጡ።

በየካቲት 2010 ዓ.ም. የአንዲት ፊሊፒናዊት አስከሬን ኩዌት ውስጥ ከማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገኝ ደግሞ መንግሥታቸው ወደ ኩዌት ሠራተኛ መላክን አገደ። አዎ፣ እነርሱም አግደዋል። ግን የነርሱ እገዳ የገበያ ድርድር ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ኩዌትን ወንበር ላይ አስቀምጠው ስምምነት አስፈረሟት። ፓስፖርቷን ራሷ ትያዝ፣ ስልኳን አትነጠቅ፣ የዕረፍት ቀን ይኑራት የሚል። ያ ሁሉ ስምምነት ፊሊፒኖችን ሙሉ በሙሉ ጠበቃቸው አልልም። የእነርሱም ሴቶች ይደበደባሉ። ግን አሠሪዋ አንዱን ነገር ታውቃለች፤ ይህች ሴት የሚጠይቅላት መንግሥት አላት።

የእኛስ? በእገዳው ዓመታት የወሰድነው የድርድር ትርፍ ምንድን ነው? ስምምነቶች ተፈርመዋል፤ እውነት ነው። በ2010 ዓ.ም. እገዳው ተነሣ። በ2013 ዓ.ም. አዋጁ በቁጥር 1246 ተሻሽሎ የስምንተኛ ክፍሉ ግዴታ ላላ። እሰየው ልንል ስንል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ሌላ ጉድ ሰማን። መንግሥት ራሱ በየክልሉ በማስታወቂያ ወጥቶ ግማሽ ሚሊዮን ሰው ወደ ሳዑዲ ሊልክ መመልመል ጀመረ። የተነገረው ደመወዝ በወር 1,000 ሪያል ነበር። ይህ ፊሊፒኖቹ ከዚያ 16 ዓመት በፊት ካስቀመጡት 400 ዶላር በብዙ ያነሰ ነው። 270 ዶላር እንኳ አይሞላም። ትናንት "አትሂጂ፣ አልተማርሽም" ያለው አፍ ዛሬ "ነይ፣ እንልክሻለን" አለ። ምን ተለወጠ? ልጅቷ በአንድ ጊዜ በቃች? ወይስ ግምጃ ቤቱ ዶላር ጎደለበት? እንዲያው ለነገሩ፣ ደላላውን ስንረግም ኖረን የደላላውን ወንበር የያዘው ማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

"ይከልከል!" ለሚሉ ወገኖች

ብዙ ቅን ሰዎች፣ በተለይ እናቶችና የሃይማኖት አባቶች፣ "ለምን ፈጽሞ አይከለከልም? እህቶቻችንን ለምን እንሸጣለን?" ይላሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ግን መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተከልክሎ ታይቷል። ውጤቱንም ከላይ ጽፌዋለሁ። ሁለተኛ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት አለው ይላል። "ኢትዮጵያዊ" ሲል ሴቷንም ይጨምራል። ወንዱ ኢንጂነር ዱባይ ሲሄድ ማንም አልከለከለውም፤ ጎበዝ ተብሎ ይሸኛል። የገበሬዋ ልጅ ስትሄድ ብቻ ነው "የአገር ክብር" የሚነሣው። የአገር ክብር በድሃ ሴት ልጅ ጫንቃ ላይ ብቻ የሚሸከሙት ሸክም ነው እንዴ?

ሌሎች ደግሞ "የስምንተኛ ክፍሉ ግዴታ ቢያንስ ልጆቹን ትምህርት ቤት አቆይቷል" ይላሉ። ይህ ቢሆን እኔም ደስ ባለኝ። ግን ልጅን ትምህርት ቤት የሚያቆየው ምን እንደሆነ ሞሰቦ ላይ አይተናል። እንጀራ የሌለበት ቤት ውስጥ ያለች የ13 ዓመት ልጅ "ከሁለት ዓመት በኋላ ካርድ ስለሚያስፈልግሽ ተማሪ" ስትባል አትማርም። መምህሩ በሌለበት፣ መጽሐፉ ለአምስት ተማሪ አንድ በሆነበት፣ ሽንት ቤት በሌለበት ትምህርት ቤት የወር አበባዋ ሲመጣ ሳምንት ትቀራለች፤ በኋላም ጨርሳ ትቀራለች። በደላላ እጅ ካርድ መግዛት ደግሞ ከመማር ይቀላል። ሕጉ ያበዛው ተማሪ አይደለም፤ ካርድ ነው።

እንግዲህ ምን ይጠየቅ?

ተቃውሞ ብቻ አበዛህ እንዳልባል የምለውን ልበል። ጥያቄውን ከልጅቷ ላይ አንሡና ወደ ሌሎቹ አዙሩት። ኤጀንሲውን ጠይቁ፤ የላካቸው ሴቶች ስንቶቹ ደመወዛቸውን በሙሉ ተቀብለው ተመለሱ? ስንቶቹ ፓስፖርታቸውን ራሳቸው ይዘዋል? መልስ የሌለው ኤጀንሲ ፈቃዱ ይነጠቅ፤ ስሙም በዚህ ጋዜጣ ጭምር ይውጣ። ኤምባሲውን ጠይቁ፤ ሌሊት ስልክ የሚያነሣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ የሚችል ሰው አለው? የሸሸች ሴት የምታድርበት ክፍል አለው? ጠበቃስ? ተደራዳሪውን ጠይቁ፤ የደመወዝ ወለሉ ለምን ከፊሊፒኖች ያንሳል? የባንክ ሒሳብ በልጅቷ ስም ሳይከፈት የሚሄድ ኮንትራት ለምን ይጸድቃል?

ተመራማሪዎቻችንም ከወቀሳ አያመልጡም። በዚች አገር "የወጣቶች ሕይወት" የተባለው ጥናት ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ 3,000 ያህል ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲከታተል ኖሯል። እንዲህ ዓይነት ውድ መረጃ ያለበት አገር ውስጥ አዋጅ ሲረቀቅ ጥናቱ ከመደርደሪያ አይወርድም። ሲወርድም በእንግሊዝኛ፣ በሆቴል አዳራሽ፣ ቡና ዕረፍት መሃል ነው። በአማርኛ ይጻፍ፤ በኦሮምኛ ይጻፍ። ደሴ ላይ፣ ጅማ ላይ፣ አርሲ ላይ ወላጆች ፊት ይነበብ። የተጠኑት እነርሱ ናቸው። ስለራሳቸው የተጻፈውን የመስማት መብት አላቸው።

ትምህርቱንም ቢሆን ለስደት ስንቅ ብቻ አድርገን አንይው። ልጅቷ ኮንትራቷን አንብባ እንድትረዳ፣ ዐረብኛዋን እንድትለምድ፣ ገንዘቧን ቆጥራ እንድታስቀምጥ መማር አለባት። ከዚያ በላይ ግን የምትማረው ላለመሄድ የምትችልበት አገር እንዲኖራት ነው። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ እዚሁ አገር ውስጥ ስንት ብር ታገኛለች? ይህንን ጥያቄ መልሱና የስደት ፖሊሲው ግማሹ ተመልሷል።

እስከዚያ ድረስ ግን ስለ ሬሳ ሣጥኖቹ "የግንዛቤ ማነስ ነው" አትበሉን። ያለፉት እገዳዎችና አዋጆች ሁሉ ሲወጡ ግንዛቤ ያነሰው በማን በኩል እንደነበር ቦሌ ጭነት ክፍል በር ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ልጃቸውን የሚጠብቁ እናቶች ያውቃሉ። ልብ ያለው ልብ ይበል!